እሳት በኪሎ ስንት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የጤፍን ዋጋ የማያውቅ ሰው የለም። የሲሚንቶውን፣ የዶላሩን፣ የቤት ኪራዩንም ቢሆን ታክሲ ውስጥ የጠየቀ ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ይዞ ይወርዳል። በየቀኑ እየከፈልነው ስንት እንደሆነ የማናውቀው ዋጋ ግን አንድ አለ፤ የእሳት ዋጋ። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ እንደገባ፣ ዘይቱ ስንት ጭልፋ እንደፈሰሰ የቤት እመቤቷ ለሳንቲም ታውቀዋለች። ሽንኩርቱን ያቁላላውን እሳት ጠይቋት እስቲ፤ "እሱማ ከሰሉ ቤት ነበረ" ብላ ታልፋችኋለች። ቤት የነበረ ነገር ሁሉ በነፃ የመጣ ይመስለናል።

የግቢያችን ጋሽዬ ይህን ነገር በዋዛ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ዕድሜ ልካቸውን በሒሳብ ሹምነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ታዲያ ከመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከሒሳቡ ገና አልወጡም። የመንግሥት ገንዘብ ሲጎድል ሲያንገበግባቸው የኖረው አንጀታቸው አሁን ሙሉ ጊዜውን ለባለቤታቸው ለእትዬ ማድቤት ሰጥቷል። አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጃቸውን ደብተር ተውሰው አንዱን ገጽ በአምስት ዓምድ ከፈሉት፦ እንጨት፣ ከሰል፣ ላምባ፣ ሲሊንደር፣ መብራት። ከላይ "የማገዶ ዋጋ ንጽጽር" ብለው ጻፉና ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ኩበቱን፣ ሰጋቱራውንና የባሕር ዛፍ ቅጠሉን በአባሪ አያቸዋለሁ ብለው ለጊዜው ተዉአቸው።

እትዬ ከማድቤት ብቅ አሉ።

"ምን እየጻፉ ነው?"

"የትኛው ማገዶ እንደሚረክስ እያጠናሁ ነው።"

"ደግ። ጥናቱ እስኪያልቅ ሽሮውን በከሰሉ ልጣደው?"

ጋሽዬን የመጀመሪያው እንቅፋት የመታቸው ገና ዓምዶቹን አስምረው ሳይጨርሱ ነው። እንጨት የሚሸጠው በእስር፣ በሸክም፣ በአህያ ጭነት ነው። ከሰል በጆንያ፣ በጣሳ፣ በመደብ ይሸጣል። ላምባ በሊትር፣ ጋዝ በሲሊንደር፣ መብራት በኪሎ ዋት ሰዓት። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር በግን በክንድ፣ ጨርቅን በጣሳ እንደ መስፈር ነው። ከሁሉ የባሰው እንጨቱ ሆነባቸው። የእንጨት እስር መስፈሪያው ገመዱ ነው፤ ገመዱ ደግሞ የሻጩ ነው። የበጋውና የክረምቱ እስር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ወገባቸው አይገናኝም።

በዚያ ላይ የክረምቱ እንጨት እርጥብ ነው። ተቆርጦ ያልሰነበተ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ወጡን ከማሰቡ በፊት ያንን ውሃ አፍልቶ ማትነን አለበት። ስለዚህ ገዢው ውሃውን በእንጨት ዋጋ ይገዛል፣ ለተሸካሚ ከፍሎ ያስመጣዋል፣ ከዚያ እሱን የሚያደርቅ ሌላ እንጨት ይማግድበታል። ለዚህ ሁሉ ድካሙ የሚያገኘው ጭስ ነው። የውሃ ወረፋ በሚያሳስበን ከተማ ውስጥ ውሃን በዚህ ክብርና በዚህ ዋጋ የሚያስተናግድ እርጥብ እንጨት ገዢ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የከሰሉን መስፈሪያ ለማጥናት ጋሽዬ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው እትዬን ተከትለው ጉልት ወረዱ። ሻጯ ጣሳዋን አነሣች። ከሰሉን ዝግን አድርጋ ትሞላዋለች ብለው ሲጠብቁ እሷ መደርደር ጀመረች። መጀመሪያ ረዘም ረዘም ያሉትን ጉማጆች እየመረጠች በጣሳው ዙሪያ አቆመች። መሐሉ ባዶ ቀረ። ባዶው ላይ አንድ ወፍራም ጉማጅ አጋደመች፤ በዚያ ላይ ሌላ፣ በሌላው ላይ ሌላ። ጣሳው ሳይሞላ ጉልላት አወጣ። እትዬ አይተው አይተው ጣሳውን በሁለት እጃቸው ያዙና አንዴ ነቀነቁት። ጉልላቱ ተናደ፣ ከሰሉ ወደ ውስጥ ሰጠመ፣ ጣሳው እስከ ወገቡ ሆነ።

"ኧረ አይነቅንቁት እማማ፣ ይሰበራል!"

"ይሰበር ልጄ፤ ለሳሎን ጌጥ አልገዛሁት።"

ሻጯ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሁለት ጉማጅ መረቀች። ጋሽዬ በደብተሩ ጥግ ላይ "ጣሳ፦ ከሰል ግማሽ፣ አየር ግማሽ" ብለው መዘገቡ። በጆንያ መግዛትም ከዚህ ጥበብ አያድንም። አፉ ላይ ቅጠል ተጎዝጉዞ በሲባጎ የተወጠረ ጆንያ ከላይ ክንድ የሚያህል ጉማጅ ያሳያል፤ ወገቡ ላይ ጉማጁ ጣት ያህላል፤ ታችኛው ሆዱ ብናኝ ነው። ጆንያው እውነቱን የሚናገረው ገንዘቡ ከተከፈለ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው።

በመስፈሪያ እንደማይሆን የገባቸው ጋሽዬ ወደ ሳይንስ ፊታቸውን አዞሩ። ምህንድስና የሚማር የእህታቸው ልጅ ነበርና ጠሩት። ልጁ ነገሩን ቀለል አድርጎ አስረዳቸው፤ "ጋሼ፣ እርስዎ የሚገዙት እንጨት ወይም ከሰል አይደለም፤ ሙቀት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በሙቀት ይመንዝሩት" አላቸው። ምንዛሬ የሚለው ቃል ሲነሣ ጋሽዬ ቀና ብለው ተቀመጡ።

ልጁ እየነገራቸው ጻፉ። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ወደ 15 ሜጋ ጁል ሙቀት አለው። አንድ ኪሎ ከሰል ወደ 29። አንድ ሊትር ላምባ ወደ 35። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ወደ 46። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት 3.6 ብቻ። ጋሽዬ የመጨረሻዋን ቁጥር ሲያዩ ቅር አላቸው። "ያ ሁሉ ግድብ፣ ያ ሁሉ ምሰሶ፣ ለዚህች ነው?"

"ቆይ ጋሼ፣ አልጨረስኩም። ይህ በማገዶው ውስጥ ያለው ነው። ድስቱ ጋ የሚደርሰው ሌላ ነው።"

ሒሳቡ ጉድ የሚያፈላው እዚህ ላይ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት ከሙቀቱ ለድስቱ የሚሰጠው ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ነው። የቀረው ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የምትቆሰቁሰውን ሴት ቅልጥምና ደጃፍ ላይ የተኛችውን ድመት ያሞቃል። የከሰል ምድጃ ከመቶ 20 ገደማ ያደርሳል፤ የላምባ ምድጃ 40 ገደማ፤ ጋዝ ከግማሽ በላይ፤ የኤሌክትሪክ ስቶቭ 70 ገደማ። ጋሽዬ አባዙ፣ አካፈሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አባዙ። አንድ ኪሎ እንጨት በጉልቻ ለድስቱ የሚያደርሰው ወደ 2 ሜጋ ጁል ብቻ ሆነ፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ደግሞ ወደ 2 ተኩል። ያቺ የናቋት 3.6 አንድ ኪሎ እንጨትን በለጠች! ከሰሉ 6 ገደማ፣ ላምባው 14፣ ጋዙ ወደ 25 ሆኑ።

ከእንግዲህ ማንም ሰው የየሰፈሩን ዋጋ ይዞ መፍረድ ይችላል። የአንዱን ኪሎ፣ ሊትር ወይም ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በነዚህ ቁጥሮች ማካፈል ነው። ብሩን እዚህ የማልጽፈው ለምቀኝነት አይደለም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ስለሚለወጥ ነው። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ቀስ በቀስ መነሣት ከያዘ ወዲህ ላምባማ "የድሃ ማገዶ" የሚለውን ማዕረጉን አስረክቧል። ሻዩን ላምባ ላምባ ማሰኘቱን ግን አልተወም።  ጋሽዬ በሰፈራችን ዋጋ ሲያሰሉት መብራት በሰፊው አንደኛ ወጣ። ታች የቀሩት በጣሳ የተገዛው ከሰልና በእስር የተገዛው እንጨት ናቸው።

ከሰሉ ደግሞ ከዚህም በላይ የተደበቀ ሒሳብ አለበት። በአፈር ተዳፍኖ አንድ ኪሎ ከሰል እስኪወጣ ድረስ ስድስት፣ ሰባት ኪሎ እንጨት ይበላል። ያ ሁሉ እንጨት ጫካ ውስጥ ጭስ ሆኖ የሚቀረው ከተማው ውስጥ ጭስ እንዳናይ ነው። በኪሎ የሚይዘው ሙቀት የእንጨቱን እጥፍ ያህል ስለሆነ ግን ሩቅ መንገድ ያዋጣዋል። የስምጥ ሸለቆው ግራር ለዚህ አለቀ። አሁን አሁን ደግሞ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር እንደ ሰብል ዘርቶ፣ አድርሶ፣ አክስሎ ይሸጣል። እኛ ቤት ያለው ጀበና የሚፈላው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በመጣ እሳት ሊሆን ይችላል። ቡናው ራሱ ያን ያህል አልተጓዘ ይሆናል።

ጋሽዬ ይህን ሁሉ ሲያነቡላቸው እትዬ ጣልቃ ገቡ።

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰሙም?"

እውነት ነው፤ አያጣፍጥም። ያረክሳል ግን። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ እንጀራ ሲያስጋግር ክፍቱ ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት ግማሽ ገደማውን ያድናል። ሆዱ ሸክላ የሆነው የላቀች ምድጃም ከቆርቆሮው ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ምሳሌውን ያወጡት አበው ስለ ሹመት ተናግረው ይሆናል እንጂ የእንጨት ሒሳብ ይዘው እንዳልነበር ጋሽዬ አስረግጠው ተናግረዋል። እንጨት በነበረበት ዘመን ማን ያሰላል?

አለማስላቱም አንድ ጊዜ ከተማ ሊያስከፍል ነበር። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለውን ደን አንድዳ ጨረሰችው። ድሮ ማገዶ ሲያልቅ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ድንኳን ነቅሎ ማገዶ ወዳለበት መሄድ። ዳግማዊ ምኒልክም ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ያዳነን በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። ከተማዋ ባለችበት ቀረች፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ጋሽዬ ይህን ታሪክ ሲተርኩ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ያ ዛፍ ባይመጣ ዛሬ ይህን የቤት ኪራይ የሚከፍሉት የአዲስ ዓለም ሰዎች ነበሩ።"

ባሕር ዛፉ ሲመጣ ተሸካሚውም አብሮ መጣ። ከእንጦጦ ቁልቁል ከ30 ኪሎ በላይ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ግንባራቸው መሬት ሊነካ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን እናቶች የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሸክሙ ከሴትየዋ ይረዝማል፣ ከመንገዱ ጠርዝ ይሰፋል። ከኋላ የሚመጣው መኪና ጥሩምባ ይነፋባቸዋል፤ ዞር ብለው እንዳያዩት ሸክሙ አያዞርም። የዚያ ሸክም ዋጋ ጉልት ላይ ሲነገር ውስጡ ያለው የእንጨቱ ብቻ ነው፤ ወገቡን ያሰላ ሰው የለም። ጋሽዬ ለዚህ "ሌሎች ወጪዎች" የሚል መስመር ከፈቱና ቁጥር አጡለት። መስመሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሒሳብ ሹም ባዶ መስመር እንደማይወድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የከተማችን ከፍታም በሒሳቡ ውስጥ እጁ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ፈላ ብለን የምንደሰትበት ውሃ ቆላ ካለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ምስሩ የሚያስጠብቀን ለዚህ ነው። ጋሽዬ ይህን ሲሰሙ ንፍሮው አልበስል ባለ ቁጥር እትዬን "እሳት ቆጥበሽ ነው" እያሉ የነዘነዙበትን ዘመን በልባቸው ቆጠሩ መሰል፣ ለአፍታ ዝም አሉ። እትዬም ዝምታውን አልነኩባቸውም፤ በመዝገብ ግን አስቀመጡት።

እንግዲህ መብራት አንደኛ ወጣ ብለናል። የቤቱን ማገዶ እኩሌታ የሚበላው እንጀራ ነውና ሽልማቱ የሚሰጠው ምጣድ ላይ ነው። የ30 እንጀራ ጋገራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በጉልቻ ቢሆን 10 ኪሎ ገደማ እንጨት። በወረቀት ላይ ክርክሩ አለቀ። እትዬም በወረቀቱ ተስማምተው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሡ። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ስለሚተኛ ኃይሉ አያንስም።

ምጣዱ ተሰካ። እትዬ እስኪግል ጠብቀው፣ አሰሱት፣ የመጀመሪያዋን ሊጥ ቀድተው ዙሪያውን አዞሩ። ዓይኑ ተራ በተራ ብቅ ብቅ አለ፣ ተከደነ፣ በሰፌድ ወጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያለ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ቀዩ የምጣዱ መብራት ድርግም አለ። ፍሪጁ ዝም አለ። ከየጓሮው "ኤጭ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ለካ ሰፈሩ አልተኛም፤ ሁሉም እየጋገረ ነው። ምጣዱ ሸክላ ነውና ትኩሳቱን ወዲያው አይጥልም። እትዬ በቀረው ትኩሳት ዘጠነኛውን ጣሉ። ግማሹ ዓይን አወጣ፣ ግማሹ ጨፈነ። አሥረኛው ጭራሹን አፈረ። ሊጥ ደግሞ ከወጣ ወዲያ ቀጠሮ አያውቅም፤ ነገ ይሁን ብትለው ይኮመጥጣል።

እትዬ ጓሮ ወጥተው ከምርጥ ምድጃው ሥር እሳት አያያዙ። የተቀመጠ ደረቅ ፍልጥ ነበራቸው። ጋሽዬ በጋቢ ተጀቡነው ወጡና ፍልጡን አይተው፣ "ይሄ በየትኛው ሒሳብ የተገዛ ነው?" አሉ።

"በዚህ ሌሊት ሒሳብ" አሉ እትዬ እፍ እያሉ።

ጋሽዬ ገብተው በደብተሩ ላይ ስድስተኛ ዓምድ ጨመሩ፤ "መጠባበቂያ" አሉት። የሰውየው ጥናት ቁም ነገር የያዘው ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው። ለካ የማገዶን ዋጋ ብቻውን ማወቅ ምንም አይደለም፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት የመገኘቱ ዋጋ አብሮ መደመር አለበት። በርካሹ እሳት የሚተማመን ቤት እሱ በቀረበት ሌሊት የሚያስፈልገውን ውዱን እሳትም አስቀድሞ ይገዛል። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ የከሰል ምድጃ፣ ባዶ ሲሊንደርና አንድ እስር ፍልጥ ጎን ለጎን ብታዩ ባለቤቶቹ መምረጥ ያቃታቸው እንዳይመስላችሁ። ሒሳቡን በሚገባ የሠሩ ናቸው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ የተሠራው የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጋሽዬ ቴሌቪዥኑ ፊት በሙሉ ልብስ ተቀምጠው ነበር። ቦንድ ገዝተዋልና ባለ ድርሻ ናቸው። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ወዲያው ግን የልማዳቸውን አካፈሉት። "አንድ ምጣድ አራት ኪሎ ዋት ቢስብ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምጣድ ባንድ ጊዜ ማለት ነው" አሉ። እትዬ ከምጣዳቸው ሥር የሚወጣውን የተላጠ ገመድ እያዩ፣ "ከጉባ እዚህ ድረስስ ደህና ይመጣል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከምሰሶው እስከ ማድቤት ያለው ነው" ብለዋል። ጋሽዬ ኤሌክትሪሺያን ለመጥራት ቃል ገቡ። ቃሉ እንደተከበረ አለ፤ ሰው አልነካውም።

ሒሳቡ የሚመርረው ግን ከግቢያችን በስተኋላ ባሉት ክፍሎች ነው። እዚያ የሚኖሩት ተከራዮች የገንዘብ እጥረት ስላለባቸው ርካሹን እሳት ይመርጣሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ደብተሩን ገልብጦ ይዞታል። ርካሹ እሳት መግቢያ ያስከፍላል፤ ምጣድ ይገዛል፣ ስቶቭ ይገዛል፣ ገመድ ይዘረጋል፣ የራስ ቆጣሪ ይኖራል። ሲሊንደሩም እንዲሁ፤ ጋዙ ሳይቃጠል በፊት የብረቱ ዋጋ ይቃጠላል። የዕለት ገቢ ያላት ሴት እጇ ላይ ያለው የዕለት ብር ነው፤ የዕለት ብር የሚገዛው ደግሞ ያንን ጉልላት ያለውን ጣሳ ነው። በጆንያ የገዛ ከእሷ በታች ይከፍላል፣ ምጣድ ያለው ከሁሉ በታች ይከፍላል። እሷ በትንሽ በትንሹ የከተማውን ውድ እሳት ታነድዳለች።

ቆጣሪው ራሱ ሌላ ቀልድ አለበት። የመብራት ታሪፉ በእርከን ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። የታሰበው ለድሃው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት ግን በወር ለእንጀራው ብቻ 48 ይደርሳል፤ አምፖሉን ለማብራት ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ተረፈችው። አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ደግሞ ቆጣሪው የሚያየው አንድ በልቶ የማይጠግብ ሀብታም ነው። አምስት ድሃ ሲደመር አንድ ሀብታም ይሆናል። እንዲህ ያለ ድምር በሥራ ዘመናቸው አጋጥሟቸው እንደማያውቅ ጋሽዬ ይምላሉ። በዚህ ላይ አከራይ "ምጣድ መሰካት ክልክል ነው" ስትል ነገሩ ያበቃል፤ ተመልሶ ወደ ጣሳው ነው።

በደብተሩ ውስጥ አልገባ ያሉ ነገሮችም አሉ። ጋሽዬ አንድ እሑድ "ቡናው በስቶቭ ቢፈላስ?" ብለው ሞክረው ነበር። እትዬ የሰጡት መልስ "ዕጣኑንስ ምን ላይ ላድርገው?" የሚል ነው። ስቶቭ ፍም የለውም። ጀበናው እዚያ ጥምዝምዝ ብረት ላይ ዘመም ብሎ ሲቀመጥ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ማጨሻው ባዶውን ቁጭ ሲል እንግዳው ለሐዘን የመጣ ይመስለዋል። የዶሮ ወጥም ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ እንዲቁላላ የከሰልን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በዓመት በዓል ዋዜማ ስለ ሜጋ ጁል የሚያወራ ባል ደግሞ ከማድቤት የሚባረርበት ሕግ አለ።

ፍሙ በመልካም የሚጠራው ግን ደጅ እስካለ ድረስ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርዱ አጥንት ሲሰብር ምድጃውን እንደነደደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ርካሽ ማሞቂያ ይመስላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም፤ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ጋሽዬ ቀልድ በማያውቀው የመሥሪያ ቤት ጽሕፈታቸው በከሰል ዓምድ ሥር "መኝታ ቤት ፈጽሞ አይገባም" ብለው በቀይ ጽፈዋል። ለብርዱ የመደቡት በጀት አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ነው።

በመጨረሻ ጥናቱ አለቀ። ጋሽዬ ውሳኔውን በንባብ አሰሙ፤ እኔም ደብተሩ ላይ የተሠራውን ድምር እንዳረጋግጥ ተጠርቼ ነበር። እንጀራ በመብራት፣ ሌሊት፤ መብራት ሲጠፋ በደረቅ ፍልጥ፣ በምርጥ ምድጃ። የዘወትር ወጥ በስቶቭ። የበዓል ወጥና ቡና በከሰል፣ ከሰሉም በጆንያ ተገዝቶ በላቀች ላይ። ሲሊንደር ከተገኘ ለቁርስ። ላምባ ለክፉ ቀን። እንጨት የሚገዛ ሰው በጥርና በየካቲት ገዝቶ፣ ከዝናብ አስጠልሎ፣ ለክረምት ያቆይ።

እትዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ።

"ይሄንንማ ስሠራው የኖርኩት አይደል እንዴ?"

"ነው። አሁን ግን በሒሳብ ተረጋግጧል።"

"እሰይ። ከሁሉ ርካሹን እሳት ግን አልጻፉትም።"

ጋሽዬ ደብተሩን ደንግጠው ገለበጡ። አምስቱን ዓምድ አዩ፣ ስድስተኛውን አዩ፣ ለኩበት የተያዘውን አባሪ ሳይቀር አዩ። "የቱ ቀረ?"

"የጎረቤት" አሉና እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደኔ ዞሩ። "እናንተ ቤት ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?"